የእንግዳው አውሬ ወዳጆች በጅቡቲ

በዚህ ዓመት በጥር ወር ለመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ወደ ጅቡቲ ከተማ መውረድ ግድ ሆነብን። ጉዳዩ በወደብ የቆዩ ዕቃዎችን ሰነድ ማስተካከል ስለ ነበረ ለአንባቢ የሚጥም ነገር የለበትምና እናልፈዋለን። ነገር ግን በአራት ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ ዐሥራ ሁለት ቀን ስለ ፈጀ፥ በተረፈን ጊዜ ያየነውን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ከፉሪ ለቡ ጣቢያ የተነሣው ባቡር ቆላውን አቋርጦ፥ ድሬዳዋን አልፎ፥ በደወሌ በኩል ድንበሩን ተሻግሮ ናጋድ ከሚባለው ጣቢያ አደረሰን። በ1917 አዲስ አበባ የገባው አሮጌው ሐዲድ መንገደኛውን ከከተማው ደጃፍ ያወርደው ነበር፤ በ2018 ሥራ የጀመረው አዲሱ ግን ከከተማው ውጭ በነፋሻ ሜዳ ላይ ጥሎት ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዳይ በመንገደኛውና በታክሲው ነጂ መካከል ነው።

ስለ ከተማው ብዙዎች ጽፈዋል። በእኛ ንጉሠ ነገሥት ስም «የምኒልክ አደባባይ» ሲባል የኖረው፥ ከነጻነት በኋላ ግን በ1977 ሰኔ 27 ቀን የተሰየመው አደባባይ፥ ነጫጭ ግንቦቹና ቅስት በረንዳዎቹ ዛሬም አሉ። ከቀትር በኋላ ከአገራችን የሚወርደው ጫት ሲደርስ መንገዱ ሁሉ ለአንድ አፍታ ገበያ ይሆናል፤ ወዲያው ደግሞ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይገባና ከተማው ዝም ይላል። ይህን ዝምታ የሚያፈርሰው የአውሮፕላን ድምፅ ነው። በአምቡሊ የአውሮፕላን ማረፊያ ከመንገደኞች አውሮፕላን ሌላ የፈረንሳይና የአሜሪካ ጦር አውሮፕላኖች ይነሣሉ፤ ይወርዳሉ። ጃፓኖችም የባሕር ወንበዴዎችን ለመከላከል መጥተው፥ በ2011 በሐምሌ ወር በዚያው አጠገብ የጦር ሰፈራቸውን ከፍተዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ጃፓን ከግዛቷ ውጭ ያቋቋመችው የመጀመሪያው ቋሚ ሰፈር ይህ ነው። ጃፓንን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እኅታችን ከባሏ ጋር የምትኖረው በዚሁ በአምቡሊ ነው። ባሏ በወደቡ ትራንዚተር ነው፤ እርሷ ከልጇ ጋር ከእርሱ ዘንድ የወረደችው በ2015 ዓ.ም. የሰላሙ ስምምነት ተፈርሞ መንገድ ከተከፈተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት የጦርነት ዓመታት እናትና ልጅ በሰሜን፥ በትውልድ ከተማችን አሳልፈዋል። ልጁ አሁን ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በትምህርቱ የተመሰገነ፥ ፈረንሳይኛችንን በትሕትና የሚያርም ልጅ ነው። ነገር ግን አውሮፕላን ባለፈ ቍጥር፥ የያዘውን ማንኪያ ሳይጥል፥ ከጠረጴዛው በታች ይገባል። አይጮኽም፤ አያለቅስም። ይገባል፤ ድምፁ ሲርቅ ይወጣል፤ ምሳውን ይቀጥላል። እናቱም ከማየት ብዛት የተነሣ ወጥ መጨለፏን አታቋርጥም። እኛ ግን በመጀመሪያው ቀን ይህን ስናይ፥ ከአጋሜ ዱቄቱን ይዘንላቸው የመጣነው ጥሕሎ (ጥሕሎ ከተቈላ የገብስ ዱቄት የሚሠራ ምግብ ነው) ከጉሮሮአችን አልወርድ አለ።

የቤቱ አከራይ በዚያው ግቢ ከጀርባ የሚኖሩ ሽማግሌ፥ የአሮጌው ምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። በድሬዳዋ ተወልደው ገና በልጅነታቸው ወደ ጅቡቲ የወረዱ ስለ ሆኑ፥ አማርኛውን ከፈረንሳይኛ፥ ፈረንሳይኛውን ከሱማሌኛ እያዋሓዱ ነው የሚናገሩት። ሰፈሩ ሁሉ «ሙሴ» ይላቸዋል፤ ይህም በድሬዳዋና በጅቡቲ ለእንደዚህ ያለ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት ስም ነው። በሁለተኛው ቀን ቡና ሲጠሩን ወደ ክፍላቸው ገባን። በአንደኛው ግድግዳ ላይ አንዲት ማሲንቆ ተሰቅላለች። በሌላው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ መደርደሪያ አለ፤ በላዩም መቶ ያህል የቪዲዮ ካሴቶች በተርታ ቆመዋል። የባሕሩ ጨውና ወበቅ ካሴቱን ስለሚያሻግተው፥ ሙሴ በየሳምንቱ አንዳንዱን እያወጡ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውሉታል፤ በዴካቸው ውስጥ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ያዞሩታል። «ከሞቱብኝ ይልቅ የቀሩልኝ ይበዛሉ» አሉን፤ ስለ ሰው የሚናገሩ መስሎን ልናጽናናቸው ዳድቶን ነበር።

ካሴቶቹ ሁሉ የጃፓን ግዙፋን አውሬዎች ፊልሞችና ከእነርሱ የተወለዱ የካርቱን ሥዕሎች ናቸው። ጃፓኖች ይህን ዓይነት ፍጡር «ካይጁ» ይሉታል፤ በቀጥታ ሲፈታ እንግዳ አውሬ ማለት ነው። አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን ይህ ቃል ጥሩ መልመጃ ይሆናል። ጭራቅ እንዳንለው፥ ጭራቅ በተረት ሰውን የሚበላ እንጂ ከተማን የሚያፈርስ አይደለም። ዘንዶ እንዳንለው፥ ዘንዶ በሆዱ የሚሳብ ነው፤ ይህኛው ግን በሁለት እግሩ ቆሞ ይሄዳል። አውሬ ብቻ ብንለው ደግሞ፥ አውሬ በዱር የምናውቀው ፍጡር ነው። በእኛ በትግርኛ አንዱን አውሬ ብቻውን «አራዊት» እንለዋለን፤ በአማርኛ ግን አራዊት ብዙዎች ናቸው። በዚህ የተነሣ በተማሪነታችን ስንት ጊዜ ተስቆብናል! ለማንኛውም እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስናድግ የምናውቀው ግዙፍ ፍጡር በመጽሐፈ ኢዮብ ያለው ሌዋታን ብቻ ነበር፤ ፊልም የምናየውም በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን እርሱም የቅዱሳን ገድል ነበር። ስለዚህ የጎማ ቆዳ የለበሰ ሰው የካርቶን ቤት ሲረግጥ ማየት የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው ብለን የምናምን ሰዎች ነበርን።

ሐሙስ ማታ፥ ነገው የዕረፍት ቀን ነውና፥ የሙሴ ወዳጆች ተሰበሰቡ። አንደኛው የየመን ተወላጅ የሆነ ዓሣ ጠባሽ፥ ሁለተኛው ሱማሌ የትምህርት ቤት መምህር፥ ሦስተኛው የአፋር ተወላጅ የመርከብ ዕቃ ቈጣሪ ነው። ሁሉም ከሃምሳ ዓመት አይርቁም። ሙሴ በልጅነታቸው እነዚህን ፊልሞች ያዩት እንደ ኦዴዎን ባሉት የከተማው ሲኒማ ቤቶች ነው፤ እነዚህ ግን በቴሌቪዥን ያደጉ ናቸው። ሻይ ከመቅረቡ በፊት ክርክር ተነሣ። የክርክሩ ርእስ አንድ የብረት ሰው ነው። መምህሩ «ጎልዶራክ» ይለዋል፤ ዓሣ ጠባሹ «ግሬንዳይዘር» ይለዋል፤ አንዱም ለሌላው አይለቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎ ናጋይ የተባለው ሠዓሊ የፈጠረውና ቶኤ የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው ይህ ካርቱን በጃፓን ከ1975 እስከ 1977 በ74 ክፍል ታየ። በ1978 በሐምሌ ወር ወደ ፈረንሳይ ቴሌቪዥን ሲገባ ስሙ ጎልዶራክ ተባለ፤ የፈረንሳይ ልጆችም ስላበዱለት ወላጆችና ጋዜጦች ብዙ ተከራከሩበት። ቀጥሎ በሊባኖስ በዐረብኛ ተተረጐመና በዐረቡ ዓለም ሁሉ ተሰራጨ፤ በዚያ ግሬንዳይዘር ቀረ። ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ሁለቱም የመንግሥት ቋንቋ በሆኑባት በጅቡቲ አንዱ ሰው በሁለት ስም ገባ ማለት ነው። መምህሩ የፈረንሳይኛውን፥ ዓሣ ጠባሹ የዐረብኛውን መዝሙር በአንድ ጊዜ ሲዘምሩ መስማት ለጆሮ ቀላል አልነበረም። ዓሣ ጠባሹ በመጨረሻ ስልኩን አወጣና በ2022 በሪያድ ከተማ ለግሬንዳይዘር የቆመውን ከ33 ሜትር በላይ የሚረዝም የብረት ሐውልት አሳየን፤ ክርክሩንም በዚያ የረታ መሰለው። መምህሩ ግን «ቁመት ማስረጃ አይሆንም» አለ።

እኛን የገረመን ታሪኩ ነው። የብረቱን ሰው የሚነዳው ወጣት የሌላ ዓለም ልዑል ነው። አገሩን ጠላት አጥፍቶበት ብቻውን አምልጦ ወደ ምድር ይመጣል፤ አንድ ደግ ሰው እንደ ልጁ ይቀበለዋል፤ እርሱም ማንነቱን ሰውሮ በከብት እርባታ ግቢ ሣር እያጨደ ይኖራል። የብረቱን ሰው የሚያስነሣው የሸሸው ጦር ተከትሎት ሲመጣ ነው። ሊባኖሳውያን ይህን ወደ ዐረብኛ ሲመልሱ አገራቸው በ1975 በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ሙሴ ይህን ሲነግሩን፥ ልጁ በሩ አጠገብ ቆሞ ያዳምጥ እንደ ነበረ አላየንም ነበር።

በማግሥቱ «አኮየ» አለን፤ አኮየ በትግርኛ የእናቴ ወንድም ማለት ነው፤ «የሙሴን ፊልም ልይ?»

እናቱ ሰማችና ተቈጣች። «የሚፈራው አንሶት ነው ጭራቅ የምታሳየው?» አለችን። መልስ አልነበረንም። ስለዚህ በቅድሚያ ራሳችን እንመርምረው ብለን፥ በዚያች ሌሊት ከሙሴ ጋር የሁሉ መጀመሪያ የሆነውን፥ በ1954 የተሠራውን ጥቁርና ነጭ «ጎጂራ» አየን። ፈረንጆች «ጎድዚላ» የሚሉት እርሱ ነው።

ሣቅ ጠብቀን ነበር የተቀመጥነው። በዚያው ዓመት በማርች 1 ቀን አሜሪካ በቢኪኒ ደሴት የሃይድሮጅን ቦምብ ስትሞክር፥ «ዕድለኛው ዘንዶ ቍጥር 5» በምትባል የጃፓን ጀልባ ላይ የነበሩ 23 ዓሣ አጥማጆች አመዱ ወረደባቸው፤ የሬድዮ ሠራተኛዋም በመስከረም ሞተ። ፊልሙ በኖቬምበር ሲወጣ የሚጀምረው በአንዲት መርከብና በድንገተኛ ብርሃን ነው፤ ተመልካቹ ምን ማለት እንደ ሆነ አላጣውም። አዘጋጁ ኢሺሮ ሆንዳ ከጦር ሜዳ ወደ አገሩ ሲመለስ የጠፋችውን ሂሮሺማን በዓይኑ ያየ ሰው ነበር። አውሬውን ከባሕር ጥልቅ የሚቀሰቅሰው የቦምቡ ሙከራ ነው፤ ቶክዮን ያቃጥላል። በእሳቱ መካከል አንዲት እናት ልጆቿን አቅፋ፥ ወደ አባታቸው የሚሄዱበት ጊዜ እንደ ደረሰ ትነግራቸዋለች። አባትየው የት እንዳለ ማንም አይጠይቅም። እኛም እዚህ ላይ ስንደርስ ሣቁን ረሳነው።

እውነቱን ለመናገር፥ ከዚህ በኋላ የመጡት ፊልሞች ብዙዎቹ እንደ መጀመሪያው አይደሉም። በ1956 በራሪው «ራዶን» ወጣ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃፓንን ጐብኝተው እንደ ነበር ሙሴ በኵራት ያስታውሳሉ፤ ፊልሙን አይተውት እንደ ሆነ ግን አይናገሩም። በ1961 የብል ቢራቢሮዋ «ሞስራ» መጣች። በ1964 ባለ ሦስት ራሱ «ጊዶራ» ሲመጣ ግን አጥፊው ጎድዚላ ከምድር ወገን ቆሞ ተዋጋ። በ1965 «ጋሜራ» የተባለ ኤሊ የልጆች ወዳጅ ሆኖ ተሠራ፤ በ1966 ደግሞ በምድር ላይ ከሦስት ደቂቃ በላይ መዋጋት የማይችለው «ኡልትራማን» በቴሌቪዥን ጀመረ። ምሁራን ይህን ውድቀት ይሉታል። ሙሴ ግን አይቀበሉም፤ «በየዓመቱ የሚመጣ እንግዳ ጎረቤት ይሆናል» ይላሉ። በ2023 የተሠራው አዲሱ ጎድዚላ በ2024 በሆሊዉድ የኦስካር ሽልማት ማግኘቱንም ሲሰሙ «መልካም ነው፤ ግን በውስጡ የሚያልበው ሰው የለም» ነው ያሉት። በመጀመሪያው ፊልም ሃሩዎ ናካጂማ የተባለው ተዋናይ መቶ ኪሎ ያህል በሚመዝን የጎማ ልብስ ውስጥ ሆኖ በመብራት ሙቀት ይሠራ ነበር። በጅቡቲ ሐምሌን በብየዳ ያሳለፈ ሰው ይህን ያደንቃል።

እኅታችንን በማግሥቱ ለመንናት። ያየነውን ሁሉ ነገርናት፤ የእናቲቱን ነገር ግን ደበቅናት፤ በዚህ ጥፋተኞች ነን። ልጁ ከእኛ መካከል ተቀመጠ። አውሬው ከኮረብታው በላይ ራሱን ሲያወጣ ልጁ ፈገግ አለ። ባቡሩን ሲያነሣ ሙሴ «እኔ በዚያ ባቡር የለሁበትም» አሉ፤ ልጁ ሣቀ። ከተማው ሲቃጠልም በዝምታ አየ። ከዚያ ግን የጦር አውሮፕላኖች በአውሬው ላይ መጡ። በፊልሙ ውስጥ ሕዝቡ በደስታ ይጮኻል፤ ሊረዱት መጥተዋልና። ልጁ ግን ተነሥቶ ወጣ።

በጨለማው በውኃ ጋኑ ጀርባ አገኘነው። «ይቅርታ፤ አውሬው ክፉ ነው» አልነው። «አውሬው አይደለም» አለን፤ ሌላ አልጨመረም። በዚያች ሌሊት እኅታችን አላናገረችንም፤ እኛም መልካም እንቅልፍ አልተኛንም።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ልጁን የጠሩት ሙሴ ናቸው። ካሴቱን ወደ አውሮፕላኖቹ መለሱና አቆሙት። «ና ልጄ፥ አጠገብ ሁን። እነዚህ ክንድ የማያህሉ መጫወቻዎች ናቸው፤ በቀጭን ሽቦ ተንጠልጥለው ነው የሚሄዱት። ሽቦውን ፈልግልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።» ልጁ አፍንጫውን ከመስተዋቱ አስጠግቶ ፈለገ። አንድ ጊዜ ያየ መሰለው፤ መልሱት አለ፤ መለሱት፤ ደግሞ መልሱት አለ። ሦስት ጊዜ፥ አራት ጊዜ አውሮፕላኖቹ ወደ ኋላ በረሩ።

«ድምፁስ?» ሲል ጠየቀ። «የአውሬው ጩኸት ከየት መጣ?»

እዚህ ላይ ሙሴ ለረጅም ዓመታት ሲጠብቁት የኖሩት ጥያቄ የደረሰ ይመስል ፊታቸው በራ። የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ አኪራ ኢፉኩቤ የእንስሳት ድምፅ ተሞክሮ አልሆን ሲል ኮንትራባስ የተባለውን ትልቁን ባለ አውታር መሣሪያ አስመጣ፤ አውታሩን አላላ፤ በጥድ ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት ጐተተው፤ የተቀዳውም ድምፅ በዝግታ እንዲሄድ ተደረገ። ይህ ብቻ ነው። ሙሴ ይህን ተናግረው ተነሡና የብየዳ ጓንታቸውን ከሣጥን አወጡ። ማሲንቆዋን ከግድግዳው አወረዱ። ልጁም «ጭራ ዋጣ!» አለ፤ ማሲንቆ በትግርኛ ስሟ ይህ ነው። የማሲንቆ ጭራ በሙጫ ካልታሸ እንደማይጮኽ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ በጅቡቲ ደግሞ ዕጣን አይታጣም። ሙሴ ጓንቱን በዕጣን አሹት፤ መቃኛውን አላሉት፤ ጐተቱት።

የጎረቤት ፍየሎች ገመዳቸውን በጠሱ። ድምፁ የጎድዚላ ነው ብለን ለመማል አንደፍርም፤ የማሲንቆ ግን አልነበረም። ልጁ ጓንቱን ተቀበለ፤ እስከ ክርኑ የሚደርስበትን። እስኪመሽ ድረስ ጐተተ። ሰፈሩ ታገሠን።

ከሁለት ቀን በኋላ ምሳ ላይ ሳለን አንድ አራት ሞተር ያለው አውሮፕላን ዝቅ ብሎ መጣ። ልጁ እንደ ልማዱ ከጠረጴዛው በታች ገባ። ማሲንቆዋ ግን ከእግሩ አጠገብ ነበረች፤ እኛም ሳናስተውል ይዟት ገብቶ ኖሯል። አውሮፕላኑ ከጣራው በላይ ሲደርስ ከጠረጴዛው በታች ያ ጩኸት ወጣ፤ ረጅም፥ ሻካራ፥ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጥ። አውሮፕላኑ አለፈ፤ ጩኸቱ ግን ጥቂት ቈየ። እኅታችን ጭልፋዋን በአየር ላይ እንደ ያዘች ቀረች። ልጁ ወጣ፤ ተቀመጠ፤ «ሙጫው አነሰ» አለ።

ተፈወሰ ለማለት አይደለም። በማግሥቱም ገብቷል፤ በሦስተኛው ቀን ያለ ማሲንቆ ገብቶ ረጅም ጊዜ ቈይቷል። እኅታችን ግን ሐሙስ ማታ ለሙሴ ወዳጆች ጥሕሎ አዘጋጅታ ላከች፤ ዓሣ ጠባሹና መምህሩም በአንድ ገበታ ሆነው ስለ ስሙ መከራከራቸውን ቀጠሉ። ልጁን ማን ይባላል ብለው ቢጠይቁት፥ በትምህርት ቤት ጎልዶራክ፥ በሰፈር ግሬንዳይዘር እንደሚለው ተናገረ። ሁለቱም አልተደሰቱም።

የተነሣንበት ቀን እስከ ናጋድ ሸኘን። የማሲንቆዋ ጭራ ከብዙ መጐተት የተነሣ ተበጥሶ ነበርና «አኮየ፥ የፈረስ ጭራ ላክልኝ፤ ረጅሙን» አለን። በጅቡቲ ፈረስ ማግኘት ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ እንደ ገባን ለአንድ የሰሉልታ ባላገር ጉዳዩን ብንነግረው ለምን እንደ ፈለግነው ጠየቀን፤ ለማስረዳት ሞከርን፤ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ካዳመጠን በኋላ ዋጋውን ቀነሰልን። ጭራውን በወረቀት ጠቅልለን፥ ቅዳሜ ወደ ናጋድ ለሚወርድ አንድ ባልንጀራችን ሰጥተናል።